አባቴም እንደኔ ነው

ኖቬምበር 28፣ 2008፣ ዓርብ

አክስቴ መምህርት ነበረች። ከኬቤክ ወደ አልበርታ ስነሣ ይህን ደብተር ሰጠችኝና በቋንቋዬ በፈረንሳይኛ ጥቂት ጥቂት እንድጽፍበት፣ አለዚያ እንግሊዝኛው ውስጥ ሰምጬ እንደምቀር አሳሰበችኝ። ከሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት ብቻ ተምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ያስተማረችኝን ሰዋስው አልረሳሁም።

ዛሬ የነዳጅ ቁፋሮው ላይ የተወራው ሁሉ ስለ ኦታዋ ነበር። ሦስቱ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ተባብረው በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር የሌለውን አናሳ መንግሥት ሊጥሉና ራሳቸው ሊተኩት ነው ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ኬቤክን ከካናዳ መገንጠል የሚሻው ፓርቲ በመሆኑ እዚህ ያለው ቁጣ በእጥፍ ከፍቷል። ምሳ ላይ ላይል ወደኔ ዞረና፣ "ፈረንሳይ፣ ያገርህ ሰዎች ደግሞ ምን ሊያደርጉን ነው?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም አስረዝሜ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ላይል የቁፋሮ አለቃችን ነው፤ የምኖረውም ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል ተከራይቼ ነው። በእኛ ሥራ አለቃው የሚያሠራቸውን ሰዎች ራሱ ይመርጣል፤ ሲያስገባም ሲያስወጣም ማንንም አያማክርም። የነዳጅ ዋጋ ስለ ወደቀ ከገና በኋላ ከአምስታችን አንዱ እንደሚቀነስ ነግሮናል። ማን እንደሚቀነስ ግን አልነገረንም።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ

የተቃዋሚዎቹ መሪዎች ዛሬ ስምምነታቸውን ፈረሙ።

ማምሻውን ቤት ደወልኩ። አባቴ በስልክ ስለ ብርዱ ጠይቆ ወዲያው መነጋገሪያውን ለእናቴ የሚያቀብል ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን አልለቀቀኝም። መንደራችን ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ በመከር ከተዘጋ ወዲህ ሠራተኞቹ ወኪላቸው አድርገው መርጠውታል። ጥምር መንግሥቱ ሥልጣን ከያዘ፣ ከሥራ የወጣ ሰው ድጎማው እስኪጀመርለት በባዶ እጁ የሚጠብቃቸው ሳምንታት እንደሚቀሩ፣ ለእንጨት ሥራውም እርዳታ እንደሚመጣ በዝርዝር አስረዳኝ። ጥምረቱን ለመደገፍ ቤት ለቤት እየዞረ ሰውን ያስፈርማል። ቅዳሜ ደግሞ አውቶቡስ ሞልተው ለሰልፍ ወደ ሞንትሪያል ሊወርዱ ነው።

"ብትኖር ከጎኔ ትቀመጥ ነበር" አለኝ።

"እንዴታ፣ አባዬ።"

"እዚያስ? ሰዉ ምን ይላል?"

"አንዳንዱ እንዲህ፣ አንዳንዱ እንዲያ ነው" አልኩት። እዚህ ግን አንዳንዱ የሚባል የለም። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው።

ከዚያ ስለ ገና ተጫወትን። መንደራችን ባለበት ሐይቅ ዙሪያ ለገና ዋዜማ የሚቀርበው፣ በሊጥ ተሸፍኖ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ውስጥ የሚያድረው የሥጋና የድንች ምግብ ነው። በቤታችን ሥጋውን የምንከትፈው እኔና አባቴ ነን፤ እርሱ ያደነውን አጋዘን፣ እኔ የአሳማውን። ቢላዎቹን ከአሁኑ እንደ ሳለ ነገረኝ። የአውሮፕላን ትኬቴን ቆርጫለሁ።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ንግግር አደረገ። ያየሁት ከላይልና ከእናቱ ከወይዘሮ ስቴፋ ጋር ነው። የላይል ልጆች "ባባ"፣ አያት ማለት ነው፣ ስለሚሏቸው እኛም ተከራዮቹ እንዲያው እንጠራቸዋለን። ከንግግሩ በኋላ የሕዝብ አስተያየት የተሰበሰበበት ውጤት ቀረበ። ምዕራቡ በጥቅሉ ጥምረቱን ይጠላል፤ ኬቤክ በብዛት ይደግፈዋል። አገሪቱን በቀለም ከፋፍለው ሲያሳዩ፣ እዚህ እየኖርኩ ከዚያ የመጣሁት እኔ በየትኛው ቀለም እንደምቆጠር አሰብኩ። ሥዕሉ ቶሎ አለፈ።

ላይል ተናዶ ነበር። "የተሸነፈ ሁሉ ተሰብስቦ አሸናፊ ነኝ ይላል? በልመና መኖር የለመደ ሁሉ!" አለ።

ባባ ካርታቸውን ከመደርደር ሳይቦዝኑ፣ "አያትህም ይቺን መሬት ያገኘው መንግሥትን ለምኖ ነው" አሉት።

"እማ፣ ካርታሽን ተጫወቺ" አላቸውና ሳቀ።

በኋላ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ላይል ከኩባንያው ሰው ጋር በስልክ ይነጋገር ነበር። "ፈረንሳዩን ነው? ጥሩ ልጅ ነው፤ ይሠራል። ግን ምን እንደሚያስብ አይታወቅም" ሲል ሰማሁት። ውኃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ሌሊቱን ሳሰላስል፣ ምን እንደማስብ እኔም በቅጡ እንደማላውቅ ተረዳሁ። አባቴ ሲናገር ሐሳቡ ልክ ይመስለኛል፤ ላይል ሲናገር ደግሞ መልስ አጣለታለሁ። ይህ ድካም ይሁን አስተዋይነት አላውቅም። አስተዋይነት ነው ብዬ ብወስደው ይሻለኛል።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

በጥድፊያ። በካናዳ የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ ምክር ቤቱ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ እንዲዘጋ ፈቀደች። ስለዚህ መንግሥቱን የሚጥለው ድምፅ አይሰጥም። ላይል ደስ ብሎታል፤ ግን አላመነም። ቅዳሜ ኤድመንተን፣ የአልበርታ ምክር ቤት ፊት ለፊት፣ ጥምረቱን የሚቃወም ሰልፍ አለ።

"ትመጣለህ?" አለኝ።

"እንዴታ።"

ለአባቴም ያልኩት ይህንኑ ቃል ነው።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ሄድን። ተመለስን። ብርዱ ፊት ይልጣል። ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ ባንዲራ።

እራት ላይ ባባ አንድ ሰው ደውሎ እንደ ነበር ነገሩኝ። ስሜን ብቻ ጠርቶ ዝም አለ አሉ። እንግሊዝኛ የማይችል ይመስላል አሉ።

ደክሞኛል። ነገ።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

ትናንት የሆነው ይህ ነው። ሰልፉ መካከል የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክሮፎኗን ይዛ ትዞር ነበር፤ ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ትፈልጋለች። ላይል ይህን ሲሰማ ትከሻዬን ይዞ ወደ ፊት አቀረበኝ። "ይኸው፣ የኛው ፈረንሳይ! ንገራት እስቲ፣ እናንተም እንደኛ እንደ ሆናችሁ" አለ። ጓደኞቼ ክብ ሠርተው ቆሙ። የምንለው ባይገባቸውም ፊቴን ያያሉ።

ጥቂት ነገር ተናገርኩ። ሕዝብ የመረጠው እንዲከበር፣ ይህን የመሰለ ነገር። ከዚያ ያለፈ አይደለም። በዚያ ብርድ ሰው የሚናገረውን ሁሉ መርጦ መናገር አይችልም።

ስጨርስ ላይል ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ስንመለስ የመኪናውን የፊት ወንበር ለቀቁልኝ።

ዲሴምበር 8፣ ሰኞ

እኅቴ ካሮል-አን ደወለች። የነገረችኝን እንደ ነገረችኝ አድርጌ ልጽፈው ነው፤ ትናንት የጻፍኩት ሙሉ አልነበረምና።

ከሞንትሪያል ሲመለሱ አውቶቡሱ ጫካውን በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና መካከል ካለው ምግብ ቤት ቆመ። ሾርባ አዝዘው ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ዜና ይጠባበቁ ጀመር። መጀመሪያ የታየው የእነርሱ ሰልፍ ነበር። አንዱ ኮፍያውን አይቶ ጮኸ፤ ሌላው አባቴን በጣቱ እያሳየ፣ "ፈርናንድ፣ ሆድህ ካሜራውን ሞላው" አለው። ሳቁ፤ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ኤድመንተን መጣ። ቀጥሎም እኔ መጣሁ፣ ከነስሜ፣ ከነመንደሬ።

ትናንት ያልጻፍኩት ይህን ነው። ጋዜጠኛዋ፣ "ቤተሰብህስ ምን ያስባል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ "አባቴም እንደኔ ነው። በልመና መኖር ሰልችቶታል" አልኩ።

ቃሉ የላይል ነበር። እኔ ወደ ፈረንሳይኛ መለስኩት። ስንመለስም መኪና ውስጥ ለላይልና ለጓደኞቼ በእንግሊዝኛ ደገምኩላቸው።

ካሮል-አን አብራ ተጉዛ ስለ ነበር ሁሉንም አይታለች። ከአባቴ ጋር ዕድሜውን ሙሉ አንድ መጋዝ ላይ የሠራው ሬያል ዞሮ፣ "ፈርናንድ፣ ልጅህ የሚለው እውነት ነው?" አለው።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እውነቱን ነው። በጋውን እንዲያ ብዬው ነበር" አለ።

"ብሎህ ያውቃል?" አለችኝ እኅቴ።

"አያውቅም።"

"አውቃለሁ። ልጁ ውሸታም ነው ከሚሉብህ፣ እሱን ሁለት ምላስ ያለው ቢሉት ይሻላል ብሎ ነው። ያኒክ፣ እስከ ቤት ድረስ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው የለም። እኔ ልቀመጥ ስል 'ሂጂ ከጓደኞችሽ ጋ' አለኝ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ተሰብስበው ውክልናውን ወሰዱበት። አልተከራከረም። እርሱ ያስፈረማቸውን ቤቶች ሬያል አሁን እንደገና እየዞረ ያስፈርማቸዋል፤ በፈርናንድ እጅ የተሰጠ ፊርማ አይታመንም ተብሎ።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ትናንት ከጻፍኩት ላይ ምክንያት ልጨምርበት አስቤ ነበር። ነፋሱን፣ ክብ ሠርተው የቆሙትን፣ ትከሻዬ ላይ የነበረውን እጅ። ጽፌ ሰረዝኩት። ትከሻዬን የያዘው ላይል ነው፤ አፌን ግን የያዘው ሰው አልነበረም።

ዲሴምበር 12፣ ዓርብ

የሚቀነሰው ታወቀ፤ ክሌም ነው። ክሌም ከኒውፋውንድላንድ የመጣ የልጆች አባት ነው፤ ቅዳሜ ጥርሴን አሞኛል ብሎ ሰልፉን የቀረው እርሱ ብቻ ነበር። ላይል ምክንያቱን አልተናገረም፤ አለቃ ምክንያት አይናገርም። ለእኔ፣ "ጃንዋሪ ከኔ ጋር ነህ" አለኝ።

ክሌም ጓንቱን ሲጠቀልል አጠገቡ ቆምኩ። አይቶኝ፣ "አይዞህ አቦ፣ አንተ እኮ አይደለህም ያባረርከኝ" አለኝ። ጥርሱን እንዳልታመመ ያስታውቃል፤ ሊሰናበተን የገዛውን ጠጣር ከረሜላ ይኮረሽም ነበር።

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

እናቴን ሥራ ስለ በዛ ለገና አልመጣም ልላት ወስኛለሁ።

ማምሻ

አልደወልኩም። ደረጃው ላይ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ባባ አነሡትና ዞረው አዩኝ። እጄን አወዛውዤ የለሁም አልኳቸው። እርሳቸውም በእንግሊዝኛ የለም አሉና ዘጉት።

ከዚያ ካርታቸውን እየበወዙ፣ "ያ ሰውዬ ነው። በየምሽቱ ይደውላል። 'ያኒክ' ይላል፣ 'የለም' እለዋለሁ፣ 'ኦኬ' ይላል። ጨዋ ነው" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "ከእንግዲህ ራስህ 'የለሁም' በለው። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ውሸት ይከብደኛል" አሉኝ።

እሄዳለሁ።

ዲሴምበር 22፣ ሰኞ

ደረስኩ። አባቴ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። ሻንጣዬን ተቀበለኝ። መንገዱን በሙሉ ያወራኝ ስለ በረዶው፣ ስለ አዲሱ የመኪና ባትሪ፣ ስለ አጋዘኑ ክብደት ነው። በሬያል ቤት ስናልፍ ሬያል ደጁን ይጠርግ ነበር። አባቴ እጁን አነሣለት። ሬያል አካፋውን ይመለከት ነበር።

መኪናው ውስጥ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃሉን ሦስት አራት ጊዜ አዘጋጀሁ። እያንዳንዱን ጊዜ አባቴ ቀድሞኝ ስለ ባትሪው ተናገረ። ሆን ብሎ ይሆን? ሆን ብሎ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ያኔ ጥፋቱ የእኔ ዝምታ ብቻ አይሆንም። ይህንም መጻፌ ያሳፍራል።

ዲሴምበር 23፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሥጋውን ይዘን ተቀመጥን። እናቴና ካሮል-አን ገበያ ወጥተው ነበር። ስልኩ ጮኸና አነሣሁት። የሕዝብ አስተያየት የምትሰበስብ ልጅ ነበረች። ጥምር መንግሥት በጃንዋሪ አናሳውን ይተካ ወይስ አይተካ የሚለውን ልትጠይቅ ነው። በመጀመሪያ ግን በቤቱ ካሉት አዋቂዎች የልደት ቀኑ ቀድሞ የሚመጣው ማን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ መጠየቅ የሚገባው እርሱ ነውና። ስልክ ማንሣት የሚወድ ሰው ብቻ የመላው ቤት አፍ እንዳይሆን እንዲህ ያደርጋሉ።

የኔ ልደት በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። የአባቴ በጁላይ።

የቤታችን ስልክ ድምፁ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አባቴ ሁሉንም ሰምቷል። ቢላውን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገና በጓሮ በር ወጣ። በመስኮቱ አየሁት። ያለ ኮፍያ፣ በሹራብ ብቻ፣ የተከመረውን ማገዶ የሚመረምር መስሎ ቆመ። አንድም ግንድ አላነሣም። እኔ ያሻኝን እንድናገር ነው የወጣው።

ልጅቱ፣ "ሰምተውኛል?" አለችኝ።

የሚያስፈልጋት መልስ አንዲት ቃል ነበረች። እደግፋለሁ ብል በመስኮቱ ለማየው ሰው ብዬ ነው። እቃወማለሁ ብል ለላይል ነው። ከሁለቱ በታች፣ የራሴ የሆነ ነገር ካለ ብዬ ፈለግሁ፤ ጊዜው አጠረኝ፤ ወይም ነገሩ አልነበረም።

"ልደቱ የሚቀድመው አባቴ ነው" አልኳት። በሩን ከፍቼ፣ "አባዬ፣ አንተን ነው የሚፈልጉት" ብዬ ጠራሁት።

ጫማው ላይ ያለውን በረዶ አራግፎ ገባ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ያዘ። ልጅቱ ጥያቄዋን ከነምርጫዎቹ አነበበችለት።

"በጣም እደግፋለሁ" አለ። አዳመጠ። "አዎ፣ በጣም። እርግጠኛ ነኝ።" እንደገና አዳመጠ። ቀጥሎ የተጠየቀውን እኔም ሰማሁት፤ በአካባቢዎና በቤተሰብዎ ያሉ ሰዎችስ ምን የሚያስቡ ይመስልዎታል የሚል ነበር።

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥጋ ተመለከተ። "ይቺን አልመልስም፣ ልጄ። የተናገርኩት ስለ ራሴ ነው። ስለ ሌላ ሰው አልናገርም። ወንድ ልጄ ይኸው እዚህ ቆሟል፤ አፍ አለው" አላት። ከዚያ መልካም ገና ተመኝቶላት ዘጋ።

ተቀመጠ። ቢላውን አነሣ። ሁለታችንም ጥቂት ከተፍን።

"ልደቴ መቼ እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?" አለኝ።

"አልጠፋኝም።"

"እ።" በቢላው ጫፍ ወደኔ ሳሕን አመለከተ። "ይሄ ትልልቅ ነው። ከተፍ ከተፍ አድርገው።"

ይቅርታ ያልኩት ያኔ ነው። ሥጋውን እያየሁ ነበር። እርሱም ሥጋውን እያየ፣ "ሰምቻለሁ" አለ። የትኛውን እንደ ሰማ፣ ይቅርታዬን ይሁን የቴሌቪዥኑን፣ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ዲሴምበር 25

ማንም ሊጠይቀን አልመጣም። ሌላ ዓመት በዋዜማው ሬያል አኮርዲዮኑን ይዞ ይመጣ ነበር። እናቴ የእርሱን ሳሕን አቅርባ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን አነሣችው።

ጃንዋሪ 28፣ 2009፣ ረቡዕ

አልበርታ። በዕረፍት ሰዓት፣ መኪና ውስጥ።

ሬዲዮው ነገረን። ምክር ቤቱ ተከፈተ፣ መንግሥት በጀቱን አቀረበ፣ ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲም በጀቱን እደግፋለሁ አለ። ጥምረቱ ሞተ ማለት ነው። የሥራ ጓደኞቼ የመኪናውን ጣሪያ ደበደቡ። ላይል ከፊት ወንበር ዞረ።

"ፈረንሳይ፣ ሽማግሌው አባትህ ዛሬ ደስ ብሎታል አይደል?"

ሁሉም ያዩኝ ነበር። የክሌም ቦታ ባዶ በመሆኑ ወንበሩ ላይ ጓንታችንን ከምረንበታል።

"ደስ አላለውም" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። "አባቴ መንግሥቱ እንዲወድቅ ነበር የሚፈልገው። በቴሌቪዥን ያልኩት ውሸት ነው።"

ላይል የተቆጣ አይመስልም ነበር። ይልቁንም የእውነት ሊያውቅ እንደ ፈለገ ሰው ነው ያየኝ።

"አንተስ?" አለኝ።

አባቴ አፍ አለው ብሎ መስክሮልኝ ነበር። ላይል ጠበቀኝ። በመጨረሻ የዕረፍቱ ሰዓት አለቀና ጓንታችንን አንሥተን ወረድን።